ገብርኤል የት ሊሄድ ነው?

የዛሬው ደብዳቤ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንደ ታናሽ እህትዎ አይተው ይምከሩኝ። የምኖረው አሜሪካ መሀል ባለች አነስተኛ ከተማ ነው። የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያናችን በ2001 ዓ.ም. በአንዲት እህታችን ሳሎን በጽዋ ማኅበር ተጀመረ። በ2005 ታቦት ገባልን። የራሳችን ሕንፃ ኖሮን አያውቅም፤ የሉተራን ፕሮቴስታንቶችን አዳራሽ ተከራይተን ነው የምንገለገለው። ዕጣናችን የጭስ ደወላቸውን ስንቴ አስጮኸ፤ አንድ ቀን ቅር ብሏቸው አያውቅም። አሁን ግን እነሱም ሃያ የማይሞሉ አዛውንት ብቻ ስለቀሩ ሕንፃውን ሸጠውታል። ጁላይ 31 ቁልፍ እናስረክባለን።

ሌላ ቦታ እንዳንከራይ የቀረነው 14 ቤተሰብ ነን። ወጣቶቹ ሥራ ተከትለው ዴንቨርና ሚኒያፖሊስ ገብተዋል። ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ይብቃን ብሎ ወሰነ፤ ሊቀ ጳጳሱም ፈቀዱ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤውን በእጄ ነው የጻፍኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

እናቴ 76 ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛ አታውቅም፣ መኪና አትነዳም። ቅዳሜ ማታ ነጠላዋን አጥፋ በፌስታል ታደርግና በር አጠገብ ታስቀምጣለች። ከእንግዲህ እሑድ የት ትሂድ? ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት ተጣልተው የወጡ ቤተሰቦች አሉ፤ ይጠሩ አይጠሩ በሚል ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። አንዳንዱ ጭራሽ ምን ዝግጅት ያስፈልጋል፣ ዝም ብለን ቁልፉን እናስረክብ ይላል። ትናንት የዘጠኝ ዓመት ልጄ ‹እማ፣ ገብርኤል የት ሊሄድ ነው?› አለኝ። መልስ አጣሁ። እንዴት ነው የምንሰናበተው?»

እህቴ፣

ብዙ ነገር ጠይቀሽኛል። ከሁሉ በፊት ግን እንቅልፍ ስለነሳሽ ወረቀት ላውራ። ያን ቃለ ጉባኤ በእጅሽ ስለጻፍሽው ቤተ ክርስቲያኑን አንቺ የዘጋሽው መስሎ ተሰምቶሻል። አንቺ የጻፍሽው ሁሉም ሰው ሲያየው የኖረውን ነገር ነው። አንድ ሰው መጻፍ ነበረበት፣ ዕጣው አንቺ ላይ ወደቀ።

አሥራ አራት ቤተሰብ ይዞ አጥቢያ ማቆየት ምን እንደሚጠይቅ በሩቅ ያለ ሰው አያውቀውም። ቅዳሴ ለመቀደስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናት፣ ሦስት ዲያቆናት። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ላለ ሰው አምስት አገልጋይ ምንም ማለት አይደለም። እንደ እናንተ ባለ ቦታ ግን አንድ ዲያቆን ለማግኘት ስንት ሰዓት ይነዳል። ውጭ አገር ያሉ ብዙ ካህናት ደግሞ እንደማንኛችንም ሠርተው አዳሪ ናቸው። ሌሊቱን መጋዘን ሲሠሩ አድረው፣ ልብሳቸውን ቀይረው ለኪዳን የሚቆሙ አባቶች አውቃለሁ። ጠዋት ምንጣፍ ይዘረጋል፣ መጋረጃ ይሰቀላል፣ ሥዕሎቹ ይደረደራሉ። ከሰዓት ሁሉም ተመልሶ ይጠቀለላል፣ ከበሮው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የአንዱ መኪና ኋላ ይገባል። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና። ይሄን ታቦቱ ከገባ ጀምሮ 13 ዓመት አድርጋችሁታል። ይሄን የሠራ ሰው «አሁንስ አልቻልንም» ቢል የሚወቅሰው ማን ነው?

«ዝም ብለን ቁልፉን እናስረክብ» በሚሉት ግን አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ከራሴ ልንገርሽ።

በወጣትነቴ አውሮፓ ኖሬያለሁ። ሰላሳ የማንሞላ ሰዎች የምንሰበሰብባት ትንሽ ጉባኤ ነበረችን። ዘጠኝ ዓመት ክፉ ደጉን አብረን አሳለፍን። አንድ ማክሰኞ ስልኬ ላይ አጭር መልእክት መጣ። «ከመጪው እሑድ ጀምሮ አዳራሽ ስለማይኖረን ጸሎት የለም። እግዚአብሔር ይስጥልን።» በቃ። ማንንም ሳላይ ቀረሁ። ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝን ሴት እንኳን አቅፌ አልተሰናበትኳትም፤ በወሩ ወደ ሌላ አገር ሄደች። የዕቃ ቁም ሳጥኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። የጠየቀኝ የለም፣ እኔም ለማን እንደምመልሰው አላወቅኩም። እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ትንሽ ቁልፍ ናት፣ ቀይ ክር የታሰረባት። ቤት በቀየርኩ ቁጥር አብራኝ ትሄዳለች። ልጥላት ብዬ አንስቼ መልሼ አስቀምጣታለሁ። ይሄው ስንት ዓመቱ፣ እርሜን ሳላወጣ ቀርቻለሁ።

እናንተ እንደዚያ እንድትሆኑ አልፈልግም።

እኛ አገር ሰው ዝም ብሎ አይሄድም። እንግዳ እስከ በር፣ ሲወደድም እስከ ታክሲ ይሸኛል። ሟች እስከ መቃብር ይሸኛል። ታቦት ደግሞ ከሁሉ በላይ ይሸኛል። እስቲ ጥምቀትን አስቢ። ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ወደ መንበሩ ሲመለስ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ወጣቶቹ ምንጣፉን ከኋላ እያነሱ ከፊት ያነጥፋሉ። እናቶች እልል ይላሉ። ማንም ሰው ያንን ሲያይ «በዓሉ አለቀ፣ ተዘጋ» አይልም፤ ታቦቱን ሸኝተን መጣን ነው የሚለው። መዝጋት የሚለውን ቃል ለባንክ ሒሳቡና ለኪራይ ውሉ ተዉት። እናንተ ሐምሌ ላይ የምታደርጉት ሽኝት ነው፤ ኮሚቴው ውስጥም በዚሁ ስም ጥሩት። ስሙ ሲቀየር ሰው የሚያመጣው ሐሳብም ይቀየራል።

ለልጅሽም የምትመልሺለት ከዚሁ ነው። ያለ ምክንያት አልጠየቀም። እኛ «ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ» ብለን ብቻ አንተውም። «ገብርኤል ስሜ መጣሁ» እንላለን፣ «ማርያም ደርሼ ልምጣ» እንላለን። ልጅሽ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ «ገብርኤል እንሂድ» ሲባል ነው የሰማው። አሁን «ገብርኤል ሊዘጋ ነው» ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። መልአኩ የትም እንደማይሄድ፣ በጠራው ጊዜ እንደሚሰማው ንገሪው። ታቦቱ ግን ጳጳሱ ወዳዘዙት ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ፣ እሱም ከጓደኞቹ ጋር እየዘመረ እንደሚሸኘው ንገሪው። የከተማውን ስም ንገሪው፣ ካርታ ላይ አሳዪው። ሐምሌ 19 የምናከብረው የቂርቆስና የኢየሉጣ ታሪክ ደግሞ ለእሱ ዕድሜ የሚሆን ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን ከእናቱ ጋር የሚፈላ ጋን ውስጥ ሲጣል ገብርኤል ደርሶ ያወጣቸዋል። ማታ ስታስተኚው አውሪው። ከዚያ ነገሩ ሲረጋጋ፣ አንድ ቀን ታቦቱ ያረፈበት ድረስ ይዘሽው ሂጂና ደጁን አብራችሁ ተሳለሙ። አይቶ ሲመለስ ጥያቄው ይመለስለታል።

ስለ ታቦቱ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሊቀ ጳጳሱ ፈቅደዋል ብለሻል፣ እሰየው። የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ሀገረ ስብከቱ ነው፣ የሚያነሳውም ካህን ነው። እናንተ ቀኑንና የሚረከበውን አጥቢያ በጽሑፍ ያዙ። ምናልባት አንድ ቅን ሰው ተነስቶ «ሌላ ቦታ እስክናገኝ ንዋየ ቅድሳቱ እኔ ጋራዥ ይቀመጥ» ይል ይሆናል። እሺ እንዳትሉ። ለጊዜው የተባለ ነገር ስንት ዓመት እንደሚከርም እናውቃለን። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዷቸው ታቦታት አንዱ የተገኘው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ኤድንብራ ከተማ ባለ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ እዚያ ተቀምጦ ነበር። የዚያው ቤተ ክርስቲያን ካህን ኢትዮጵያን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ባይለየው ኖሮ እስከ ዛሬም እዚያው በነበረ። በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲገባ የአዲስ አበባ ሕዝብ እንዴት ወጥቶ እንደተቀበለው ያየ ያውቃል። የእናንተ ታቦት ታሪኩ ሌላ ነው፣ ተዘርፎ አልመጣም። ግን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ቅዱስ ነገርም ቁም ሳጥን ውስጥ ይረሳል።

ልብሰ ተክህኖው፣ ጸናጽሉ፣ ከበሮው፣ መጋረጃው ከታቦቱ ጋር ቢሄድ ጥሩ ነው። የሚተርፍ ካለ፣ ጧፍና ዕጣን ያጠራቸው የገጠር አብያተ ክርስቲያናት አገር ቤት ሞልተዋል። ሰው ከቤቱ ያመጣው ድስት፣ ሲኒ፣ ረከቦት ለባለቤቱ ይመለስ። ከታች ስም ተጽፎበት የተረሳ ድስት መቼም አይጠፋም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የወጡት ቤተሰቦች ይጠሩ።

«ያኔ ጥለውን ሄደው አሁን ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ» የሚለው ሰው ሕመሙ እውነት ነው። ያን ጊዜ ኪራዩ ስንት ቤት ላይ እንደከበደ፣ እሑድ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሲታይ ምን እንደተሰማው አላቃልልበትም። ግን አስቢው እህቴ። የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ካዋጡት ውስጥ ስንቱ ነው ከእነሱ መሀል? የመጀመሪያውን መጋረጃ የሰፋችው ማን ናት? የማን ልጅ ነው እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተጠመቀው? ጠቡ አንድ ክረምት ነው የፈጀው። ከዚያ በፊት ያሳለፉት ዓመት ግን ብዙ ነው። ያም ቤተ ክርስቲያን የእነሱም ነበር። ሽኝቱን ካለፈ በኋላ ከሰው አፍ ከሰሙት ቁስሉ ሁለት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚታረቁበት ደጅ የለም።

አጠራሩ ላይ ግን ተጠንቀቁ። በቴሌግራም ግሩፕ «ሁላችሁም ተጋብዛችኋል» ብሎ መልቀቅ ጥሪ አይሆንም። ቤት ለቤት ይደወል። የሚደውለው ሰው በጠቡ ጊዜ ከማንም ወገን ያልቆመ፣ በዕድሜ ከፍ ያለ ይሁን። እኔ እናትሽ ቢደውሉ ደስ ይለኛል። የ76 ዓመት እናት ራሳቸው ስልክ አንስተው «ልጄ፣ ገብርኤልን ልንሸኝ ነውና ልጆችህን ይዘህ ና» ሲሉ እምቢ ለማለት ልብ ያስፈልጋል። አንቺ ቁጥሩን ምቺላቸው እንጂ አጠገባቸው ተቀምጠሽ እንዲህ በዪ እንዲያ በዪ አትበዪ። ሰውን እንዴት እንደሚያነጋግሩ ያውቁበታል።

ስልኩ ላይ የድሮው ነገር አይነሳ። ማን ልክ ነበር፣ ማን ገንዘብ አልከፈለም፣ ማን ምን ተናገረ፣ አይነሳ። የማይመጣ ይኖራል። አትቀየሙት። ለሚመጡትም የይቅርታ መድረክ አታዘጋጁላቸው። ሰው ፊት ቁሙና ታረቁ ማለት የመጣውን ሰው ያሸማቅቀዋል፣ ለከርሞ ሌላ ወሬ ይወልዳል። ቀሲስ ከቅዳሴው በኋላ በሁላችን መካከል የነበረውን ሁሉ እግዚአብሔር ይፍታ ብለው ቢባርኩ ይበቃል። የቀረውን ቡና ላይ ሰው ራሱ ይጨርሰዋል። ጉልበት ስሞ የሚታረቅ ይኖራል። ምንም ሳይናገር ስኳሩን የሚያቀብል፣ የሌላውን ልጅ «አንተ እንዴት አደግክ!» ብሎ የሚስም ይኖራል። አራት ዓመት ሰላምታ ለተነፋፈገ ሰው ይሄ ብዙ ነው።

ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20ን ለኮሚቴው አንብቡላቸው። ጳውሎስ ዳግመኛ ወደማያያቸው ሰዎች መልእክት ልኮ መተው ይችል ነበር። ግን የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሚሊጢን ድረስ አስጠራቸው። አብሯቸው ተንበርክኮ ጸለየ። አለቀሱ፣ አንገቱን አቅፈው ሳሙት፣ እስከ መርከቡ ድረስ ሸኙት። አታልቅሱ ያላቸው የለም። እናንተ ጋም የሚያለቅስ ሲኖር «ኧረ ተዉ፣ ነውር ነው» የሚል እንዳይነሳ። ያልቅስ። ሰው ሞቶበት አይደለም ወይ ለሦስት ቀን ድንኳን የምንተክለው? እዚያ ጉባኤ ውስጥ የ17 ዓመት ዕድሜያችሁ አለ።

ቀኑን ሳሰላ ደስ አለኝ። ውጭ አገር ክብረ በዓሉን ብዙ ጊዜ ወደ ቅዳሜና እሑድ ታዛውራላችሁ። ዘንድሮ፣ በ2018፣ ሐምሌ 19 ራሱ እሑድ ላይ ይውላል። ቁልፍ የምታስረክቡበት ጁላይ 31 ደግሞ ሐምሌ 24 አርብ ነው። ከበዓሉ በኋላ ዕቃ ለማውጣትና ለማጽዳት አምስት ቀን አላችሁ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ተፈትቷል፣ ፍልሰታ ገና አልገባም። ስለዚህ ዶሮውም ይሠራ፣ ድፎውም ይጋገር። ልዑካኑን ከአሁኑ ለምኗቸው፤ በዚያ ቀን ሁሉም ቦታ ገብርኤል ስለሆነ ዘግይታችሁ ብትጠይቁ ሰው አታገኙም። ካህናቱ ከፈቀዱ ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ያድርግ። የመኪና ማቆሚያውን ሦስት ጊዜ መዞርም ዑደት ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ላንቺ ልስጥሽ። መዝገቡ እጅሽ ላይ ነው። ከ2005 ጀምሮ እዚያ የተጠመቁትን ልጆች፣ የተጋቡትን፣ ያረፉትን በሙሉ በስማቸው ጻፊ። የወጡትንም ጨምሪ። ሌላ ከተማ የገቡትንም ጨምሪ። ከቅዳሴው በኋላ አንድ ልጅ ቆሞ ያንብበው። የክርስትና ስማቸውን ሲሰሙ ዞር የሚሉ ልጆች ታያለሽ፤ ባሏን የቀበረችው እህት ስሙ ሲጠራ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስታነሳ ታያለሽ። ያን ከባድ ቃለ ጉባኤ የጻፈው እጅሽ ይሄንንም ይጻፍ። እንቅልፍ የሚመጣልሽ ያን ቀን ይመስለኛል።

ቅዳሴው ሲያልቅ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ይላል። በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ ማለት ነው። በየእሑዱ ሰምተነው ጫማችንን ፍለጋ የምንሄድበት ቃል ነው። በዚያ ቀን እዚያው ያደገ ዲያቆን ካላችሁ እሱ ይበለው፣ ቀስ ብሎም ይበለው።

ቀሲስን እንዳትረሷቸው። የመጨረሻው ቀን ሁሉም ሰው እሳቸው እንዲያጽናኑት ይጠብቃል። እሳቸውም ግን መንጋቸው እየተበተነባቸው ያለ አባት ናቸው። ንስሐ የሰሙት፣ ያጠመቁት፣ ሌሊት ሆስፒታል ተጠርተው የሄዱት ለእነዚህ ሰዎች ነው። አንድ ሰው «አባ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ብሎ ይጠይቃቸው። ከሽኝቱ ቀን በፊት ይጠይቃቸው፣ ብቻቸውን ሆነው።

ሉተራኖቹም አሉ። ሃያ የማይሞሉ አዛውንት ናቸው ብለሻል። እነሱም እኮ የዕድሜ ልክ ቤተ ክርስቲያናቸውን እየተሰናበቱ ነው፣ ምናልባትም ወላጆቻቸው የሠሩትን። የመጨረሻ ጸሎታቸው መቼ እንደሆነ ጠይቂና አራት አምስት ሆናችሁ ነጠላችሁን ለብሳችሁ ከኋላ ተቀመጡ። ቋንቋው ባይገባችሁም ችግር የለም። ሐምሌ 19 ደግሞ ለቡናው ጥሯቸው። ያን ሁሉ ዓመት የጭሱን ደወል ያጠፉላችሁ ሰዎች ፈንዲሻና ድፎ ይዘው ወደ ቤታቸው ይሂዱ።

የወረቀቱን ጉዳይ ባጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም እኔ የማውቀው ጥቂት ነውና የሚያውቅ ሰው ያዙ። አሜሪካ ውስጥ እንደ ቤተ ክርስቲያን ያለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲፈርስ የቀረው ገንዘብ ለአባላት አይከፋፈልም፤ እንደሱ ላለ ሌላ ድርጅት ነው የሚሄደው። የሒሳብ ባለሙያ ወይም ጠበቃ ይይዘው። የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቡን ሀገረ ስብከቱ ወይም ታቦቱን የተቀበለው አጥቢያ ይረከብ። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ የልጆቹን የክርስትና የምስክር ወረቀት ይውሰድ። ዛሬ የምትሯሯጥ ሕፃን ነገ ተክሊል ልታደርግ ስትል የት ተጠመቅሽ ትባላለች።

እናትሽ ቀሩ። ወደ መጨረሻ ያመጣኋቸው ሳስብባቸው ስለቆየሁ ነው።

በጣም የሚከብደው ሐምሌ 19 አይመስለኝም። ያን ቀን ሰው አለ፣ እልልታ አለ፣ ሥራ አለ። የሚከብደው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ፍልሰታ ሲገባ ነው። እናቶቻችን ፍልሰታን እንዴት እንደሚጾሙት ታውቂያለሽ። ውዳሴ ማርያም ሳይሰሙ፣ ሳያስቀድሱ ፍልሰታን ማሳለፍ ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ያን አሥራ አምስት ቀን ከአሁኑ አስቡበት። ቅርብ ያለው ከተማ ስንት ሰዓት ቢነዳም፣ መኪና ያላችሁ ተራ ግቡና ቢያንስ በሁለቱ እሑዶች አዛውንቱን አድርሷቸው። እዚያ የሚያድሩበት ዘመድ ካለ ሁለት ሦስት ቀን ይክረሙ። ሌላውን ቀን ጠዋት ወይም ማታ በስልክ ተገናኝታችሁ ውዳሴ ማርያም አብራችሁ ድገሙ። ቅዳሴን በስልክ መከታተል ይረዳል፤ ለብቻው ግን እናትሽን አያጠግባቸውም። ስልኩ «እማማ፣ እንዴት አደሩ? ጉልበትዎ ተሻለዎት?» አይላቸውም። ያ ፌስታል በር አጠገብ የሚቀመጠው ለዚህም ጭምር ነው።

ትልቁ ከተማ ያለው ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ ላይ ይበርዳችኋል። ሰው ብዙ ነው፣ ስማችሁን የሚያውቅ የለም። አንድ ሁለት ጊዜ ሄዶ የቀረ ብዙ ሰው አውቃለሁ። አንድ ቦታ ምረጡና ሁልጊዜ እዚያው ቁሙ፤ አጠገባችሁ የምትቆመዋን ሴት ስሟን ጠይቂ። በሦስተኛው እሑድ እሷ ትፈልግሻለች።

ደብዳቤሽ መጀመሪያ ላይ የጻፍሽውን ነገር አንቺ ራስሽ ያስተዋልሽው አይመስለኝም። በ2001 በአንዲት እህታችን ሳሎን በጽዋ ማኅበር ተጀመረ ብለሻል። ታዲያ ጽዋው የት ሄደ? የጽዋ ማኅበር አዳራሽ አይከራይም። አምስት ልዑካን አይጠይቅም፣ ቃለ ጉባኤም ኪራይም የለውም። በወር አንድ ቀን ነው። ካህን ካለ ይባርካል፣ ከሌለም አባታችን ሆይ ይደገማል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ ተረኛው ጽዋውን ተቀብሎ በእልልታ ይሸኛል። አሥራ አራት ቤት ናችሁ። ተራው ለአንድ ቤት በዓመት አንዴ እንኳን አይደርሰውም፤ ለማንም ሸክም አይሆንም። ከወጡት ሰዎች የሚቀላቀል ቢኖር ደግሞ ሳሎን ውስጥ ወንበር መጨመር ቀላል ነው።

ሐምሌ 19 ሰው ሳይበተን የነሐሴን ተረኛ ሰይሙ። ፍልሰታ ነሐሴ 16 ይፈታል፣ ነሐሴ 19 ማክሰኞ ስለሚውል ወደ ቀጣዩ እሑድ ብታዛውሩት ለሁሉም ይመቻል። ጽዋውን መጀመሪያ የሚቀበሉት እናትሽ ይሁኑ። ያን ቅዳሜ ማታ ነጠላቸውን ፌስታል ውስጥ አያደርጉትም። ለብሰውት በር ከፍተው የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው። ቤታችን ጠባብ ነው ብለሽ አትጨነቂ፤ በ2001ም ሳሎን ነበር።